ሀያት ያልተጠየቀችው

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ጫማ ልገዛ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ወጥቼ ነበር። ከመስጊዱ በታች ባለችው ጠባብ መንገድ ሳልፍ ከአንድ ግቢ ውስጥ የተመታ አብሽ ሽታ መጣብኝ። የአብሽ ሽታ እንደሌላው ቅመም አይደለም። መራራም ነው፣ ጣፋጭም ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈ ቶሎ አይለቅም፤ የጠጣው ሰው ላብ እንኳ እሱን እሱን ይላል። እግሬ መንገዱ መሃል ቆመ። «ግቢ እንጂ፣ ምነው ቆምሽ?» የሚል ድምፅ የምሰማ መሰለኝ። ማንም አልጠራኝም። የእትየ ዘሀራ ቤት ከዚያ ግቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ።

ወደዚያ ቤት የገባነው እኔና ጥሩነሽ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነን ነው። ሁለታችንም ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነን። በእኛ በኩል ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ ያበቃ ስለነበር፣ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ጎንደር መጥቶ ቤት ይከራያል፤ ስንቁን ከቤቱ ያስመጣል። የጥሩነሽ አባት አያ ደሴ በሶውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን በጆንያ ተሸክሞ ከአውቶቡሱ አውርዶ ሲያደርሰን፣ ቤቱ የእስላም ቤት መሆኑን አይቶ በሩ ላይ ትንሽ አመነታ። እትየ ዘሀራ ያሰበው ገባት።

«አያ ደሴ፣ ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ አውቃለሁ» አለችው። «ጎመኑና ምስሩ ግን የሁላችንም ነው። ይችን ድስት ለነሱ ነው የገዛሁላቸው። ሥጋ አልነካትም፤ አይነካትምም።»

ድስቷ አዲስ ነበረች። ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይታ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። አያ ደሴ ድስቷን አየ፣ ጆንያውን አስገባ።

እትየ ዘሀራ ባሏ የሞተባት፣ ከግቢው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ረጅም ናት። ሻሿን ግንባሯ ድረስ ታወርደዋለች። ስትራመድ ድምፅ የላትም፤ መኖሯን የምናውቀው በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ ሽታዋ ነው። ያከራየችን ክፍል የልጇ የሀያት ክፍል ነበር። ሀያት እኛ ከመምጣታችን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በእኛው ዕድሜ እያለች ሞታለች። በምን እንደሞተች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የደንብ ልብስ ሹራቧ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር። የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ የቀረው ቴፗ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጥሩነሽ ልታዞረው ስትል እትየ ዘሀራ ከበሩ ላይ ሆና «ተይው ልጄ» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ በኋላ ፀጉራችንን የምንሠራው አንዳችን የአንዳችንን ፊት እያየን ነበር።

የእኔ ቁመት ሀያትን ይመስላል መሰለኝ፣ ፊቴን ካላየች ትሳሳታለች። ውኃ ልቀዳ ጎንበስ ስል «ሀያት፣ ቀስ በይ፣ ያዳልጥሻል» ትለኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ዞር ብየ «እኔ ነኝ እኮ እትየ» እላት ነበር። ዞር ስል ፊቷ ላይ የማየውን ነገር ስለፈራሁት በኋላ ዝም ብየ «እሺ» ማለት ጀመርኩ።

በየቀኑ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ከሱቋ ተመልሳ፣ በረንዳው ላይ ታስቀምጠናለች። ከማለዳ ጀምሮ የተዘፈዘፈውን አብሽ ነጭ አረፋ እስኪሆን ትመታዋለች፤ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ከቀይ ሥሩ፣ ከካሮቱ፣ ከተቀቀለው ድንች ለያይታ በሰሃን ታቀርባለች። እኛ ደጋ ያደግን ልጆች ገብስና ድንች እንጂ ቀይ ሥር አናውቅም ነበር፤ ምላሳችንን እያወጣን ቅላቱን እንተያያለን። የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እንቁላሉ ለነገ» ብላ ታነሣዋለች። አብሹን ስትቀዳ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ይበልጣል። የማንም አይደለም። የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጥና ሲመሻሽ ከጤና አዳሙ ሥር ታፈሰዋለች።

ከመብላታችን በፊት ግን ዝም ማለት አለብን። «ሰው ሲገናኝ እንዴት ዋልሽ ይባባላል» ትለናለች። «ራሳችሁንስ ማን ጠየቃት? እንዴት ዋልሽ በሏት። ምን በላሽ በሏት። ምን ከበደሽ በሏት። ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለእሷ መልሱላት።»

ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለን ነበር። ጥሩነሽ አንድ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች፤ ሳቃችንን እናፍናለን። እትየ ዘሀራ ግን ዓይኗን ወደ ክፍላችን በር አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጠይቀው ራሷን እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ጥሩነሽ ጾሟን አጠበቀች። ከትምህርት ቤት ወጥታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ትቆማለች። ስትመለስ ደግሞ «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ወይም ቁራሽ እንጀራ ይዛ ወደ ክፍል ትገባለች። በበረንዳው ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ። ጉንጯ ጎደጎደ፣ የእጇ አጥንት ወጣ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ እንኳ ይበርዳት ጀመር። አካባቢው ሁሉ ያመሰግናታል። የጎረቤት ሴቶች «እንደ እሷ ባለ ልጅ ይባርከን» እያሉ ራሷን ይዳብሷታል። እኔም ከእሷ ጋር ስተያይ በራሴ ጾም አፍር ነበር። ዝም ያለችው እትየ ዘሀራ ብቻ ናት። ሰሃኑን ታቀርባለች፤ ሳይነካ ታነሣዋለች። የሌላ ሰው ሃይማኖት ነው። በምን አፏ ትናገር?

አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ ጥሩነሽ የግቢው ደረጃ ላይ ወደቀች። ጩኸት እንኳ አልነበረም፤ ልብስ ከገመድ ላይ እንደሚወርድ ነው የወረደችው። እትየ ዘሀራ ከሱቋ እየሮጠች መጣች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። የጥሩነሽን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን በውኃ እያራሰች «ሀያት! ሀያትየ!» ትላለች። ጥሩነሽ ዓይኗን ስትገልጥም ስሙን አላቆመችም።

ጥሩነሽን አስተኝተን ከወጣን በኋላ በረንዳው ላይ ስለ ሀያት ነገረችኝ። ፊቷ ወደ እኔ አልነበረም።

«ረመዳን አልቆ ነበር» አለች። «ቀዳ አለብኝ፣ ያመለጠኝን ልክፈል ብላ መጾም ቀጠለች። እሱ ሲያልቅ ሰኞና ሐሙስ አለች። ከዚያ ቀኑንም አልጠራችልኝ። እኔ ልጄ ዲኗን ያዘች ብየ ለጎረቤት አወራሁ። ኮራሁ። ቀሚሷ ሲሰፋባት በመርፌ አጠበብኩላት። እንደገና ሰፋባት፤ እንደገና አጠበብኩላት። ቀሚሷን እያጠበብኩ፣ ምነው ልጄ፣ ምን ከበደሽ ብየ አልጠየቅኋትም።»

ከዚያ በእጇ ወደ ደረጃው አመለከተች። «እዚያው ነው የወደቀችው። ሆስፒታል ወሰድናት። ልቧ ደክሟል አሉኝ። አልተመለሰችም።»

በማግሥቱ እኔን አስከትላ ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰዎች ቆም እያሉ ያዩናል። እሷ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከድንጋዩ አጥር አጠገብ ቆመች፤ እኔ ገብቼ አንድ ሽማግሌ ቄስ ይዤ ወጣሁ። ሻሿን አስተካክላ ጎንበስ አለችላቸው።

«አባ፣ እኔ እስላም ነኝ። በጾማችሁ ልገባ አልመጣሁም» አለች። «ቤቴ ያለች የእናንተ ልጅ ግን እየሞተች ነው። እኔ ተይ ብላት ሃይማኖቴን ነካችብኝ ትላለች። እርስዎ ከነገሯት ትሰማለች ብየ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ። ስሟን ጠየቁ፤ ዕድሜዋን ጠየቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኛ ጋር ወረዱ። በረንዳው ላይ በርጩማ ተሰጣቸውና ጥሩነሽን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ጾም ለታመመ ሰው አልታዘዘም» አሏት። «ሰውነትሽ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሰጠሽ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ትበያለሽ። እኔ አዝዤሻለሁ።»

ጥሩነሽ መስቀሉን ተሳለመች። ቄሱ ሲወጡ ግን ፊቷ ተለወጠ። ወደ እትየ ዘሀራ ዞራ፣ «የእኔ ጾም እርስዎን ምን አገባዎት?» አለቻት።

«ምንም አያገባኝ» አለች እትየ ዘሀራ። «ስትሞቺ ግን ያገባኛል።»

የቄሱ ቃል ብቻ አላዳናትም። እህል ከከንፈሯ ሲደርስ ታለቅሳለች። እትየ ዘሀራ ብይ ብላ አላስጨነቀቻትም። ቀጭን አጥሚት በአንድ ሳህን ቀድታ ከጎኗ ትቀመጣለች፤ እሷ አንድ ማንኪያ ትወስዳለች፣ ማንኪያውን ለጥሩነሽ ታቀብላለች፤ አትቸኩልም፣ ፊቷንም አታያትም። አንዳንድ ቀን ጥሩነሽ ማንኪያውን ይዛ ብቻ ትቀመጥ ነበር። ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። ገዢ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤ አትነሣም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ሳለን፣ ጥሩነሽ ድንገት ተናገረች። «እትየ፣ ጠየቅኋት» አለች።

«ማንን ልጄ?»

«ራሴን። ምን ከበደሽ አልኳት።» እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተሸፈነች። «ካደግሁ ይድሩኛል። እህቴን ጡቷ ሲያጎጠጉጥ ነው ከትምህርት ያስወጧት። ካልበላሁ አላድግም። ልጅ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ትምህርቴን እጨርሳለሁ።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አላውቅም ነበር። እትየ ዘሀራ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ቆይታ፣ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ «የኔዋ ሳትነግረኝ ሄደች» አለች።

ለፋሲካ አያ ደሴ ሊወስደን ሲመጣ ለብቻው አስቀምጣ አናገረችው። እኛ ከክፍሉ ውስጥ ሆነን እንሰማለን። ስለ እህትየዋ አነሣችበት፤ ስለ ደረጃው ነገረችው፤ ስለ ሀያትም ነገረችው። በዱላው መሬቱን ሲጭር ብቻ ይሰማናል።

«ደኅና ነገር ያደረግን መስሎን ነው» አለ በመጨረሻ። «ትማር። እኔ እያለሁ ሳትፈልግ የሚድራት የለም።»

ቃሉን ጠበቀ። ጥሩነሽ ቀስ እያለች በላች፤ አደገች። አስተማሪ ሆና ዛሬ ሳንጃ ከተማ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ሕይወት አለቻት፤ ከሀያት ጋር ትርጉሙ አንድ መሆኑን ለእትየ ዘሀራ በስልክ ስትነግራት፣ ከወዲያ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር ብላኛለች።

እኔ እዚሁ ጎንደር ስለቀረሁ እትየ ዘሀራን እስከ መጨረሻዋ ጠይቄያታለሁ። ታማ ከተኛች በኋላ ዓይኗ ደክሞ ሰው መለየት አቃታት። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ቀን ስገባ ኮቴየን ሰምታ «ሀያት ነሽ?» አለችኝ። እንደ ልጅነቴ «እሺ» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጥኩ። እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«ሀያትየ» አለች፣ «ምን ከብዶሽ ነበር?»

ሀያት አይደለሁም ማለት አልቻልኩም። ሀያትን ሆኜ መመለስም አልቻልኩም፤ ምን ብየ? ያንን የምታውቀው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም ከመሬት በታች ናት። እትየ ዘሀራ ግን አልተቆጣችም፤ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ ድሮ በረንዳው ላይ እንደምትጠብቅ ጠበቀች። እንቅልፍ ሲወስዳትም እጄን አልለቀቀችም። በዚያው ሳምንት ሞተች። ብዙ ጊዜ ያ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ልብስ ሳጥፍ ወይም አስፋልት ስሻገር ይመጣብኛል።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን «በልቻለሁ» ማለት አብዝታለች፤ ስልኳን ይዛ ክፍሏን ትዘጋለች። ጫማውን ገዝቼ የተመለስኩ ዕለት አንኳኩቼ ገባሁ። እንዴት እንደዋለች ጠየቅኋት። «ደኅና» አለችኝ። ምን እንደበላች ጠየቅኋት፤ ትከሻዋን ሰበቀች። ምን እንደከበዳት ጠየቅኋት።

«ምንም» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ።

አልወጣሁም። ወለሉ ላይ፣ ከአልጋዋ ሥር፣ ጀርባየን አስደግፌ ተቀመጥኩ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን እየሳሳ ሲሄድ ስልኳን ገልብጣ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ፣ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።