የዘገየው አውጫጭኝ

ባለቤቴን ግራና ገበያ ላይ ዓሪፍ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አይኖርም። አሥር አለቃ በሉ፤ ልጅ እንኳ እጃችሁን ይዞ እኛ ቤት ያደርሳችኋል። ማዕረጉን ያገኘው ቡሬ ግንባር ነው። ከግራ እጁ ሁለት ጣት እዚያው ቀርቷል። እሱ ሲዘምት እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ለእናቴ ውኃ የምቀዳ ልጅ ነበርኩ። ሲመለስ ለእሱ ተዳርኩ።

ወታደርነቱ ከልብሱ ጋር አልወለቀም። ወፍጮ ቤት ሲሄድ ሴቱን በመጣበት ተራ ያሰልፋል፤ ነፍሰ ጡር ካለች ወደ ፊት ያመጣታል። "አሥር አለቃ መጣ፣ እግርሽን ግጠሚ!" እየተባባሉ ይስቁበታል፤ ግን ይሰለፋሉ። ሠርግ ቤት ሰው ሲጋፋ ካየ ምግቡ አይወርድለትም። የሰፈር ጥበቃ ተራው ሲደርስ ሌላው ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ እሱ እስኪነጋ ይዞራል።

"እዚህ ምን ይጠበቃል? ባንክ አለ እንዴ?" ሲሉት፣

"ሰው ተኝቷል" ይላል።

ከግንባር ሲመለስ ለተሰናባች ወታደር መሬት ይሰጣል ተብሎ ነበር። ጠበቀ። ልጆች ወለድን፤ ልጆቹ አደጉ፤ እሱ ይጠብቃል። ምነው ስለው "መንግሥት ሥራ በዝቶበት ነው" ይለኛል። እኔ መንግሥትን አላውቀውም፤ እሱ ግን የታላቅ ወንድሙን ያህል ይሟገትለት ነበር። ማታ የሬዲዮ ዜና ሲጀምር ቤቱ ውስጥ የሚያስነጥስ አይኖርም።

በ2014 ጦርነቱ ወልዲያን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ የቀድሞ ወታደር ይመዝገብ ተባለ። ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ይቀራል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አልቀረም። ሲመለስ አንድ ጆሮው አይሰማም። ድንኳን ተጥሎ ንግግር ተደረገላቸው፤ ቆብም ተሰጣቸው። ቆቡ ስለጠበበው ለልጃችን ለሙባረክ ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ሌላ አገር ሆነ። ድሮ ጠመንጃ ያለው ሰው በስሙ ይታወቅ ነበር፤ አሁን የሌለው ነው የሚታወቀው። ወደ መርሳ ስትሄዱ መኪና የሚያስቆመው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። በማታ የሚያልፉ ባለጠመንጃዎች ውሻ ሲጮኽባቸው ስለሚቆጡ ብዙ ሰው ውሻውን አስወገደ። እኛም አስወገድን። ዓሪፍ ያን ቀን ራት አልበላም።

ልጃችን ናጅዋ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ከእሷ በተላከው ገንዘብ ለወንድሟ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተገዛለት። ሙባረክ ከዚያ በፊት ሐሳቡ ሁሉ መንገድ ነበር፤ በአፋር በኩል ወጥተው ባሕር ከተሻገሩ ጓደኞቹ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሞተሩ ከመጣ በኋላ ወሬው ሽንኩርት ሆነ። ከወንዙ ውኃ እየሳበ ሁለት ጊዜ አመረተ። ብርድ ሲሆን ብርድ ልብሱን ለሞተሩ አልብሶ እሱ በነጠላ ይተኛል። "ይህን ያህል ነገ ለምታገባት ሚስት ብታደርግ ጥሩ ነው" እለዋለሁ። "እማ፣ ሚስት ውኃ አትስብልኝም" ይለኛል። ዓሪፍም እኔም የምናውቀው ነገር ነበር፤ ልጃችንን ቤት ያስቀመጠው ያ ሞተር ነው።

አንድ ጧት ሞተሩ ከቦታው አልነበረም። ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ዘይት ተንጠባጥቧል። የሚጮኽ ውሻ ስላልነበረ ማንም አልነቃም።

ፀሐይ ሳይወጣ ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ሀስና ለውኃ ስትወርድ አይታቸዋለች። ሁለት ልጆች በእንጨት ተሸክመውት ሲያልፉ ነው ያየችው፤ የማን ልጆች እንደሆኑም ለእኔና ለሙባረክ ነገረችን። የምናውቃቸው ናቸው። ጠመንጃ ከያዙ ወዲህ ሥራ የማይሠሩ ናቸው።

የአገሩ ሽማግሌ ሸህ ጀብሪል ከመስጊድ ቀጥታ መጡ። "ዓሪፍ፣ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ዛሬውኑ አውጫጭኝ እንቀመጥ" አሉት።

አውጫጭኝ የኛ የአባቶች ነገር ነው። ሌባ ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ሳይወጣ የሚነሣ የለም። ስም በአደባባይ አይጠራም። አንድ የታመነ ሰው "ወፍ" ተብሎ ይመረጥና እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ጠጋ ብሎ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። ማን እንደተናገረ አይታወቅም፤ ወፍ ነገረችኝ ይባላል።

ዓሪፍ ራሱን ነቀነቀ። "ሸሁ፣ አንቱን አክብሬ ነው። ግን መንግሥት ባለበት አገር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሌባ መፈለግ ምንድን ነው? ያየ ሰው አለ። ከተማ ሄጄ አመለክታለሁ፤ በሕግ ይያዛሉ።"

"በሕግ" አሉ ሸሁ። መቁጠሪያቸውን አገላበጡ። "እንዳልክ ይሁን።"

ሙባረክ ግን ዝም አላለም። "አባ፣ አንቱ ከተማ ደርሰው እስኪመለሱ ሞተሩ ተሸጦ ያልቃል። እኔ ዛሬ ማታ ቤታቸው እሄዳለሁ።"

"በምን?"

"በሚኬድበት ነዋ። ጠመንጃ ጓደኞቼ ጋ ሞልቷል።"

ዓሪፍ ልጁን ትከሻውን ያዘው። "ስማኝ። ሰው ገድዬ አውቃለሁ። መንግሥት አዝዞኝ ገድዬ እንኳ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። አንተ ለብረት ብለህ አትገባበትም። ሕግ እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ማል።"

ሙባረክ ማለ። ፊቱን አዙሮ ነው የማለው።

ባለቤቴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ከተማ ወረደ። በዚያ ወራት ስንት ጊዜ እንደወረደ አላውቅም። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ጣቢያው ውስጥ የሙባረክ እኩያ የሚሆን ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዓሪፍ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰላምታም ሰጠ። ልጁ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

"አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ። የሚጠረጥሩት ሰው አለ?"

"አለ።"

"ምስክርስ?"

"አለች፤ ግን ትፈራለች።"

"እንግዲህ እኛም እንፈራለን" አለ ልጁና ወደ ጓደኛው ዞሮ ተሳሳቁ። ወዲያው ፊቱ ኮስተር አለ። "እየቀለድኩ አይደለም አባቴ። እዚያ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ነዳጅ የለውም።"

"በእግር እንሂድ። እኔ እመራችኋለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

"በእግር!" አለ ጓደኛው። "አባቴ፣ ድሮና ዘንድሮ ተምታታብዎ።"

ሳምንት ይመለሱ አሉት። ሳምንት ሲመለስ ጉዳዩ የቀበሌ ነው አሉት። ቀበሌው የፖሊስ ነው አለ። ወልዲያ ድረስ ሄዶ አቤት አለ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሲመለስ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ እንዲህ አለኝ፦

"እኔን ሲፈልጉኝ አንድ ቀን አልፈጀባቸውም። ማሳ ውስጥ ድረስ መጥተው ስሜን ጠርተው ወሰዱኝ። አሁን እኔ ስፈልጋቸው ቤታቸው ጠፋኝ።"

ሬዲዮውን ያን ማታ አልከፈተውም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

ሌቦቹ መከሰሳቸውን ሰሙ። ከተማ የተነገረ ነገር ከእኛ ቀድሞ እነሱ ጋ ይደርሳል። አንድ ምሽት በጣሪያችን ላይ ተኮሱ። ሀስናን ደግሞ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ አስቁመው "ዓይንሽን ትወጃለሽ?" አሏት። ሌላ ቃል አልተናገሯትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀስና ቤቴ መምጣት ተወች። ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ታወራኛለች፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ነው የምትተክለው። አልፈረድኩባትም።

ሙባረክም ደከመው። "አባ፣ ሕጉ የት ደረሰ?" ይላል ምግብ ሲቀርብ። እየቆየ መጠየቁንም ተወ። መጠየቁን ሲተው ነው እኛ የፈራነው። ከጓደኞቹ ጋር እየሾከሾከ ያመሻል። ዓሪፍ ልጁ እንዳይወጣ ብሎ መኝታውን በሩ ላይ አደረገ።

በመጨረሻ ሸህ ጀብሪል ጋ ሄደ። "ያኔ ባልሰማዎትም አሁን አውጫጭኙን ይጥሩልኝ" አላቸው። ሸሁ አልተቆጡም፤ "እንሞክረው" ብቻ አሉ።

አገሩ ከመስጊዱ በታች ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ እኛ ሴቶች በሌላው። እስላሙም ክርስቲያኑም ነበር። ዱዓ ተደረገ፤ ያወቀ እንዳይደብቅ፣ ያላወቀ እንዳይቀጥፍ ተማለ። ወፍ እንዲሆን የተመረጠው ሞላ ነው። ሞላ ክርስቲያን ነው፤ ሚስጥር ሲነግሩት ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ነው። ሚስቱ እንኳ "የገዛ ሠርጋችንን ቀን የሰማሁት ከሰው ነው" አለች ከመሃላችን። ሰው ሳቀ። ያን ቀን የሳቅነው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

አንድ አንድ እየሆነ ሰው ወደ ሞላ ሄደ። ጠጋ ይላል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ይመለሳል። ሀስና ተራዋ ሲደርስ እንደሌላው አልተመለሰችም። ሞላ አጠገብ ብዙ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት አየሁት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሁሉም ሲጨርስ ሸሁ "እህ፣ ወፏ ምን አለች?" ብለው ጠየቁ።

ሞላ ቆቡን አወለቀ። "ወፏ ባዶዋን መጥታለች።"

"ከዚህ ሁሉ ሰው?"

"ከዚህ ሁሉ ሰው።"

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው የሌቦቹን ስም የማያውቅ አልነበረም። ሸህ ጀብሪል ወደ ዓሪፍ ዞሩ። ድምፃቸው የወቀሳ አልነበረም፤ ቢወቅሱት ይሻል ነበር።

"ዓሪፍ፣ በዚያ ጧት ብንቀመጥ ሰዉ አፍ ነበረው። አንተ መንግሥትን ስትጠብቅ አፉን ወሰዱበት። እንግዲህ እንደ ልማዳችን፣ ሌባው ካልወጣ አገሩ አዋጥቶ ይክስህ።"

ይህን ጊዜ ሙባረክ ተነሣ። "እኛ መዋጮ አልጠየቅንም። ከደሃ ተለቅሞ የሚገዛ ሞተር አልፈልግም። ወፏ ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ። ሕግ እስኪደርስ ብዬ ነበር የማልኩት፤ የሚደርስ ሕግ እንደሌለ ሁላችሁም አይታችኋል። መሐላዬ ወርዷል።"

ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ አንድ ሁለቱም ከኋላው ቆሙ። ነገሩ እዚያው እንዳለቀ አወቅኩ፤ ያን ምሽት አንድ ቤት ማልቀሱ የማይቀር ነበር፤ የኛ ይሁን የነሱ ነው ያልለየው።

ዓሪፍ ከተቀመጠበት ተነሣ። እንደ ወትሮው ቀጥ አላለም። ወደ ሸሁ ሄደና መሬት ላይ ተንበረከከ።

"ሸሁ፣ እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ። የሰረቁኝን ሰዎች አውፍ ብያለሁ። በዱንያም በአኼራም አልጠይቃቸውም። ዱዓ ያድርጉበት።"

የባለ ንብረቱ ይቅርታ በዱዓ ከታሰረ በኋላ ደም የሚያነሣ ሰው በአገሩ አይቀበርም፤ ወገን የሚሆነውም የለም። ከሙባረክ ኋላ የቆሙት ልጆች አንድ በአንድ ተቀመጡ። እሱ ብቻውን ቀረ።

"አባ" አለ ሙባረክ፣ "ሞተሩ የአንቱ አይደለም። የእህቴን ላብ ነው አውፍ የሚሉት?"

ዓሪፍ ቀና ብሎ አላየውም። "ዱዓ ያድርጉበት" አለ ደግሞ። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን፤ አሚን አልን። ሙባረክ ዱዓው ሳያልቅ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ባለቤቴን እጁን እየያዘ "ትልቅ ነገር አደረግክ" ይለዋል። ቤት ስንደርስ "ይቅር ያልኩ አይምሰልሽ" አለኝ። "ሌላ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ነው።"

ሙባረክ ማንንም አልነካም። ከዚያ በኋላ ግን ከአባቱ ጋር አንድ ገበታ ላይ አልቀረበም። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ሊያየውም አልወረደም። ረመዳን ሊገባ ሲል እኔን ጉልበቴን ስሞ ወጣ። አባቱ ግቢው ውስጥ አጥር እያጠበቀ ነበር። በአጠገቡ አለፈ። ዓሪፍ ጀርባውን እንዳዞረ ማጠባበቁን ቀጠለ፤ እጁ ላይ ያለው ልጥ ግን ካለቀ ቆይቶ ነበር።

ብዙ ወራት ድምፁን አልሰማንም። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፍን አልጽፈውም፤ ልጁ ባሕር የተሻገረበት ያውቀዋል። በኋላ ከሳዑዲ ደወለ። አሁን አልፎ አልፎ ይደውላል። ስለ እህቱ፣ ስለ ላሟ ይጠይቀኛል፤ አባቱን ግን አይጠይቅም። ዓሪፍ ስልኩ ሲጮኽ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ስጨርስ "ምን አለ?" ይለኛል። "ደህና ነኝ አለ" እለዋለሁ።

ባለፈው "በሚቀጥለው ሲደውል እዚያ ሕግ አለ ወይ በይልኝ" አለኝ።

ሲደውል ጠየቅኩት። ሙባረክ ሳቀ። ከሄደ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። "ሕግማ ሞልቷል እማ። መንገድ ላይ ካገኙን ያስሩናል። እኔ ቀን ቀን ከተደበቅኩበት አልወጣም።"

ስልኩን ስዘጋ ዓሪፍ ዓይን ዓይኔን ያያል።

"አለ፣ አለኝ" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ" አለና ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ተነሣ።