የሳልህ ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ሬዲዮው የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ሕግ ሊሻሻል ነው አለ። እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ፈቃድ ማግኘት ይቀለዋል አሉ። አንዱ ጎረምሳ «አገሩን ለባዕድ ሊያድሉት ነው!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። «ጋሽ ገብሬ፣ ምነው?» ቢሉኝ «ዘገየ» ብዬ ወጣሁ። ምኑ እንደዘገየ አልነገርኳቸውም። እዚህ ልጻፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድም ይነበባል።

ሳልህ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። እናትና አባቱ ከየመን መጥተው ቦንጋ ሱቅ የከፈቱ፣ ሁለቱም ቦንጋ የተቀበሩ ናቸው። እሱ እዚሁ ተወልዶ ካፊኖኖ ከኔ እኩል ይናገራል፤ ቆጮ በጎመን ሲቀርብ ደግሞ ከኔ ቀድሞ ይጨርሳል። ስኳርና ጨርቅ ከመሸጥ ጫካ መዋል ይወድ ነበር።

የኛ ጫካ ባለቤት የሌለው ይመስላል እንጂ አለው። ኮቦ እንለዋለን፤ ይህ ጥግ የእገሌ፣ ያ ዛፍ የእገሌ ተብሎ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። በሰው ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል የለም። የሳልህ አባት በሞቱ ዓመት አባቴ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ካለው ድርሻችን አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ አሳየውና «ይህ ያንተ ነው» አለው። ለልጁ ብቻ የሚያደርገውን አደረገለት። ሳልህ ገመዱ እየከዳው ሲወጣ እኔ ከታች «አንተ ዓረብ! ውረድና ስኳርህን መዝን!» እያልኩ ሳቅሁበት። ቀፎውን ግን ሰቀለ።

ነጩን ማር የሚሰጠን የጌተም ዛፍ አብቦ ረግፎ፣ ሳልህ የመጀመሪያ ማሩን በቆረጠ ሰሞን ትእዛዝ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዱ በአባቱ ስም ነበር፤ እሳቸው የሉም፤ ስለዚህ ይውጣ ተባለ። ወዴት ቢል «ወደ አገርህ» አሉት። የመንን አይቶ አያውቅም።

አባቴ ግን አልተሸበረም። «ዛፍ ያለው ሰው እንዴት እንግዳ ይሆናል? እናሳያቸው» አለ። በሱ ቤት ከዛፉ ማር የቆረጠ ሰው ባለዛፍ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያውቅም። ነጩን ማር በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን፣ በዝናብ ርሰን፣ ሦስታችን ትእዛዙ የወጣበት ቢሮ ገባን። ሹሙ ከሌላ አገር የመጣ፣ ለሥራው የሚፈራ ቀጭን ወጣት ነው። አባቴ ሰላምታም ሳይሰጥ ማሩን ከፋይሉ አጠገብ አኖረው።

«አባት፣ ይኼ ምንድነው?»

«የሱ ነው። ቅመሰው።»

«ጉቦ? በቀን፣ በሰው ፊት?»

«ጉቦ አይደለም፤ ዛፍ ነው!» አለ አባቴ። አማርኛው እንደ ነገሩ ነበር።

ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት ዘበኛው ትከሻዬን ያዘ። ሹሙ ማሩን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ «ኬዙ ተዘግቷል» አለ። አባቴ ማሩን አነሣና ከበሩ ዞሮ «አንተ ባታውቀው ንቡ ያውቀዋል» አለው። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ሕጉ ዛፍ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

ሳልህን የሚወስደውን የጅማ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ጭቃው ላይ ቆመን ያንኑ ማር በቆጮ በላን።

«ዛፉ ላይ ስትወጣ በቀኝ በኩል ርገጥ፤ የግራው ቅርንጫፍ በስብሷል» አለኝ ሳልህ።

«የምትወጣው አንተ ነህ» አልኩት።

ሳቀ። «ቀፎውን ባዶ አታድርገው ብቻ።»

ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ምናልባት ይጽፍልኛል ብዬ ነበር።

ልጆቼ «አባባ፣ ሰውዬው ሞቶ ይሆናል፤ የኛን ቀፎ እንስቀልበት» ይሉኛል። እምቢ! ያረጀውን ቀፎ በአዲስ ስተካ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ ከድቶኝ ሰው አስወጣለሁ፤ ከታች ሆኜ «በቀኝ ርገጥ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ከማሩ የጠባቂ ድርሻዬን አነሣለሁ፤ የቀረው የሳልህ እናትና አባት በተቀበሩበት በኩል ላለው መስጊድ እንግዶች ይሄዳል።

ያን ቀን ከሻይ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄድኩ። ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሕጉ ይሻሻል፤ እሰየው። ማስረጃው እዚያ ላይ ተሰቅሏል። የጠፋው ባለቤቱ ነው።