ለኳርተርባክ ቦታ ሽማግሌ ተላከ

ዛሬ ዋይት ሲቲ ሜዳ ላይ ልምምድ እየሠራን ሳለ ሦስት ሽማግሌዎች ኮታቸውን ለብሰው ከች አሉ። ሚስት ሊጠይቁ አይደለም። ኳርተርባክነት ሊጠይቁ ነው! 😂

ለማታውቁ፦ የቸርቻችን ወጣቶች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አለን። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን የሚወረውረው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ነው። ሐበሻ ስለሆንን ሁላችንም አፕላይ አድርገን ነበር።

አሰልጣኛችን ጋሽ መስፍን ዮናስን መረጡ። ጥፋቱ መወርወር መቻሉ ነው። ሌላው ተጫዋቻችን ቢኒ ግን ቤንች መቀመጥ ክብሩን ነካውና ሽማግሌ ላከ።

"ልጃችን አዝኗል። ለእሁዱ ጨዋታ ስለ እኛ ብለህ አሰልፈው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጋሽ አበራ።

ጋሽ መስፍን እኛ ላይ አንበሳ ናቸው፤ ሽማግሌ ፊት ግን ድመት። "እሺ፣ እናንተንማ አላሳፍርም" ብለው እርፍ!

ዮናስ ለዚህች የመጀመሪያ ጨዋታው ሲል ፓርክ ሮያል ያለውን የሥራ ሺፍቱን ቀይሮ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም እንደ ጥሩ ጓደኛ "አንተም ፓስተሩን ላክ" ብዬ አጽናናሁት።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ አበራ "እስቲ አንዴ ወርውር ልጄ፣ እንይልህ" አሉ።

ቢኒ ወረወረ። ኳሷ ከእጁ አምልጣ፣ ጎኑ ቆሜ በምስቀው በእኔ ግንባር ላይ አረፈች።

ጋሽ አበራ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። "መስፍን፣ ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። ይሄ ግን በእርቅ አይሆንም። ያንን የመረጥከውን ልጅ አሰልፈው።"

እናንተስ ለምን ጉድ ሽማግሌ ልካችሁ ታውቃላችሁ? በነፃነት ጻፉ፤ ቢኒ እንደሆነ ብሎክ አድርጎኛል።