ማን ለካው?

ኢንጂነር ራውያ ዘኪን ጠብ ያለሽ በዳቦ የምትል ሴት ናት ይሏታል። ውሸት ነው። ጠብ ፈልጋ አታውቅም፤ ከመጣባት ግን ዞር አትልም። ይህን የምለው እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ባኮስ ሠፈር፣ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ተቀምጬ ፕላን ስስል ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

የቢሮው አለቃ ኢንጂነር ዋጂህ ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ እኩያዋ ነው። እሱ ከአማቱ ይህን ቢሮ ወረሰ። እሷ ከአባቷ፣ ከትራም ነጂው፣ የወረሰችው ያንን ትልቅ ድምፅ ብቻ ነው። አላገባችም። አሮጊት እናቷን የምታኖረው በዚህ ቢሮ ደመወዝ ነው፤ ዋጂህም ይህን ያውቃል፣ ሲናደድ ያነሳባታል። ይሄ ነገሩ ሁልጊዜ ደሜን ያፈላዋል።

የእኛ ሥራ በኤክሴል ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ሺት በፍላሽ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞራል። የፎቁን ክብደት፣ የብረቱን ውፍረት፣ አፈሩ የሚሸከመውን ጭነት ትሞላለህ፤ ሕንፃው ከቻለ የመጨረሻዋ ሳጥን አረንጓዴ ትሆናለች፣ ካልቻለ ቀይ። ስለዚህ አለቆች "ሥራው አልቋል ወይ?" አይሉም፤ "አረንጓዴ ሆናለች ወይ?" ነው የሚሉት። ቀይ ከሆነች አንዱን ቁጥር ነካ፣ ሌላውን ነካ ማድረግ ነው።

ራውያ አንድ ጊዜ ሁሉም የሚጠቀምበትን የአፈር ቁጥር ከየት እንደመጣ ተከታትላ ደረሰችበት። ለካ አስዋን ላይ የተለካ ኖሯል! አስዋን አለት ነው፣ እኛ የቆምነው ጭቃ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ድምፅዋ እታች ፉል ሻጩ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የራሷን ሺት ሠራች። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን "ማን ለካው?" የሚል አምድ አለው። እሱ ካልተሞላ ሳጥኗ ቀይም አረንጓዴም አትሆንም፣ ባዶዋን ትቀመጣለች። የቢሮው ወጣት ኢንጂነሮች መጀመሪያ አኮረፉ፣ በኋላ ለመዱት።

ባለፈው ክረምት ሐጂ ሹክሪ የተባሉ የዓሣ ነጋዴ መጡ። ስድስት ፎቅ ሕንፃ አላቸው፣ ሁለት ፎቅ ሊጨምሩበት ፈለጉ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አጭተዋል፤ የሙሽሪቶቹ ወላጆች ደግሞ ቤት ሳናይ ሠርግ የለም ብለዋል። ራውያ የሕንፃው መሬት ተቆፍሮ የተለካውን ቁጥር፣ አንድ እንኳ የማይሞላውን፣ አስገባች። ቀይ። ብረቱን ደግማ አየች፣ ግድግዳውን በቀላል ብሎኬት ቀየረች። አሁንም ቀይ።

ዋጂህ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ሐጂ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

"አፈሩን አንድ ተኩል አድርጊውና ገላግይን" አላት።

"ማን ለካው?"

"እኔ ነኝ ያልኩሽ!"

"እሺ" አለች ራውያ።

ሁላችንም ቀና አልን። እሺ ስትል ሰምተናት አናውቅማ። ጻፈች፣ ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች፣ አተመችው። ከዚያ ብድግ ብላ በዚያ በአባቷ ድምፅ አነበበችው፦ "የአፈሩ አቅም፣ አንድ ተኩል። ማን ለካው? ኢንጂነር ዋጂህ፣ በአፉ፣ ሻይ እየጠጣ።"

አንዱ ወጣት ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ።

"አጥፊው!" አለ ዋጂህ።

"አንተ አጥፋው። ማውሱ ያውልህ። አጥፋና ፈርምበት።"

"ራውያ፣ እናትሽን አስቢ። ዛሬውኑ አባርርሻለሁ!"

"እናቴን ተዋት! ማባረር ትችላለህ፣ አባርረኝ። እኔ ግን ያልተለካ ነገር ተለካ ብዬ ሰው እላዩ ላይ አላስተኛም። ቁጥሩ ያንተ ነው፣ ስምህን አስቀምጥበት።"

ወረቀቱን ዘረጋችለት። እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ፤ ልቤ አብሯት ቆሞ ነበር።

ሐጂ ጭቅጭቁ የዋጋ መስሏቸው ሰልችቷቸዋል። ከኪሳቸው ብዕር አወጡ።

"በል ፈርምላት፣ ኢንጂነር፣ እንሂድበት። አረንጓዴ ነው አላላችሁም?"

ዋጂህ ብዕሩን አልተቀበላቸውም።

"ምነው?"

"ሐጂ፣ ይሄ እኮ ኋላ ያስጠይቃል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የልጆች አባት ነኝ።"

የሐጂ እጅ ብዕሩን እንደዘረጋ ቀረ።

"እኔስ?" አሉ። "እኔ የማን አባት ነኝ?"

ዋጂህ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋው። ስለማባረር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አላነሳም።

ሐጂ ከሶፋው ተነስተው ወደ ራውያ ጠረጴዛ መጡ። "ቀዩን አሳዪኝ፣ ልጄ" አሉ። ወንበር ሳበችላቸው፣ እውነተኛውን ቁጥር መልሳ አስገባች፣ ሳጥኗም ቀላች። ሐጂ ቀይዋን ሳጥን ብዙ አዩዋት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ለሙሽሪቶቹ ቤተሰብ ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን ይንገሯቸው" አለች ራውያ። "የከፋው ካለ፣ እኔ ዘንድ ይላኩልኝ።"