ወረዳው «ኑ እንጂ!» ያለን ዕለት

ቡታጅራ፣ ሊነጋ ሲል

ሾፌሩ ታዴ አይሱዙውን ደጄ ድረስ አስጠግቶ ጥሩምባውን ነፋው። «ተነስ፣ ነጋዴው!» ሰፈሩ በሙሉ ተነሳ እንጂ እኔስ ሌሊቱንም አልተኛሁ። የባልዲ፣ የጀሪካንና የሳፋ ቸርቻሪ ነኝ። መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ከጋሼ ከድር መደብር ዕቃ ጭኜ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ዛሬ ግን መመለሴን እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ሰፈር ወረዳ የፌስቡክ ገጽ ከፍቷል። መንገዱ ለእግረኛና ለእሳት አደጋ መኪና እንዲለቀቅ ጭነት ማታ ብቻ ይሁን ብሎ ለጠፈና «ሐሳብ ስጡን» አለ። በመንግሥት ገጽ ላይ «በርቱ» ከማለት ሌላ መች ለምደን! የመርካቶ ነጋዴ ግን የሚያውቀውን አደረገ፤ ዋጋ መከራከር ጀመረ።

«እስከ አስር ሰዓት ጫኑ በሉን።»

«አይቻልም።»

«እሺ፣ እስከ ዘጠኝ።»

ወረዳውም ሳያስበው ገባበት። «ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት። የመጨረሻ!»

በሁለት ሰዓት የክፍለ ሀገር መኪና ገና መንገድ ላይ ነው። አዲሱ ሰዓት ዛሬ ጠዋት በሙከራ ይጀመራል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ውሳኔው ይጸድቃል። ከጸደቀ፣ እኔን የመሰለ ሁሉ ዕቃ በገዛ ቁጥር መርካቶ ሊያድር ነው። የአልጋው፣ የእራቱና የቆመው መኪና ሂሳብ ትርፌን ጠርጎ ይበላዋል።

«ባልዲ ሸጠህ አልጋ ልትከራይ ነዋ!» ይላል ታዴ፣ ኋላ የጫነው በርበሬ እያስነጠሰው።

ዓለም ገና፣ ቁርስ ላይ

ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ሻይ በቀጭኑ። ዳታዬን ከፍቼ ገጹን ሳይ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ነጋዴው በሙሉ ላይኩን አንስቷል! የነጋዴዎቹ የመጨረሻ ጽሑፍ «በሉ፣ ሌላ ቦታ እናያለን» ይላል። ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም።

«አለቀልን» አልኩት ታዴን።

አንዋር ሰፈር፣ ረፋድ

በርበሬውን ሌላ ወረዳ አራግፈን ደረስን። መንገዱ አፍ ላይ ደንብ አስከባሪው በገመድ ዘግቶታል። «እስከ ማታ፣ ወንድሜ።» ታዴን መኪናው ዘንድ ትቼ በእግሬ ገባሁ። ቅርንፉድና ከሙን ይሸታል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። ሰው ሁሉ ተደናግጦ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ከድር ግን የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ቴምር ይበላሉ፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ስልክ በጎን እያዩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ትታችኋቸው ትሄዳላችሁ? ሊያጸድቁት እኮ ነው!»

«ማን ተወ? ዛሬ ገዢዎቹ እኛ ነን። ገዢ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ሻጭ ምን ይላል?»

«ና ይላል።»

«እሱን ነው የምንጠብቀው።»

«ካልጠሩስ?»

ማኘካቸውን አቆሙ። «እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። ግን ራሳችን ከተመለስን መቼም አይቀንሱልንም።»

መደዳውን ብመለከት ሁሉም ግድ የሌለው መስሎ ስልኩን በጎን ያያል። ሳቄ መጣ፤ ፍርሃቴም አብሮት መጣ። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ብሮጥ የሚታዘበኝ የለም። ሮጥኩ።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት

«መልካም አስተዳደር» ከሚለው ባነር ሥር አንዲት ወጣት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ገጹን የምትይዘው ሐና ናት።

«ተቀይመውን ሄዱ» አለችኝ። «ኃላፊው፣ ነጋዴዎቹ ካልፈለጉ ይጽደቅ ብለዋል። ቃለ ጉባኤው እየተጻፈ ነው።»

«እህቴ፣ የሄዱት እንዲጠሩ ነው! ልብስ ስትገዢ ትተሽ ሄደሽ አታውቂም?»

«እኔ የምገዛው ዋጋ ከተለጠፈበት ቤት ነው።»

ጉድ በል! ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ኃላፊው ከቢሯቸው ወጡ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እና እስከ ዛሬ ዋጋ እየተከራከሩን ነበር?»

«አዎ ጌታዬ። የማይፈልገውን ዕቃ ማን ይከራከራል?»

ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ግማሹ መንገድ ክፍት ካልሆነ ግን አልቀንስም። በይ ጥሪያቸው።»

ሐና ጻፈች፦ «ኑ እንጂ! የት ትሄዳላችሁ? ግማሹን መንገድ ክፍት ተዉልንና የመጨረሻችሁን ንገሩን!»

መልሱ ዘነበ። ነጋዴው ዘጠኝ! ወረዳው አራት! ነጋዴው ስምንት! ወረዳው አምስት! ሐና እየጻፈች ትስቃለች፤ እኔ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥዬ እጮኻለሁ። በመጨረሻ ጋሼ ከድር ገጹ ላይ ብቅ አሉ፦ «ግማሹን መንገድ እኛው እናስከብራለን። ስድስት በሉና እንስማማ።»

ኃላፊው እጃቸውን ዘርግተው የእኔን እጅ ጨበጡ። «ስድስት። ይጫኑ!»

ሐና ጽፋ ሳትጨርስ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

መመለስ

ደንብ አስከባሪው ስልኩን አየና ገመዱን ፈታ። አይሱዙው ገባ፣ ባልዲው ተደረደረ፣ ጀሪካኑ ታሰረ፤ ስድስት ሳይሞላ ወጣን። ታዴ እስከ ዓለም ገና ዘፈነ። ድምፁ አያምርም፤ ዛሬ ግን ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

ቡታጅራ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባለቤቴ ከሱቁ ወጥታ አፏን ይዛ ቀረች።

«አላደርክም እንዴ?»

«መንግሥትን ተከራክረን አስቀነስነው!»

«በስንት?»

«በስድስት! እስከ ስድስት ሰዓት መጫን ይቻላል። ወዲያው እሺ አሉን!»

ፊቷን ቋጠር አደረገች። «ወዲያው እሺ ካሏችሁማ ቸኩላችኋል። ሰባትም ይሉ ነበር።»