መጎተቻ አይደለም

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዋሽ ከተማ አንድ ቁርስ ቤት በር ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቶ ካቻቢቴ ጠየቀኝ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነው። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣው እናታችን ልካው ነው። እኔ ከሰመራ ከሥራ አስፈቅጄ ልቀበለው በዋዜማው መጥቼ ነበር። መኪናዬ ትንሽና አሮጌ ደብል ዲፈረንሻል ናት፤ ሰመራ ዙሪያ ያሉ የገጠር ውሃ ጉድጓዶችን እየዞርኩ የማየው በእሷ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ብጠብቅ አንዱንም በቀኑ አልደርስበትም። እናቴ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ በረሃ» እያለች እንቅልፍ አጥታ፣ ወንድሜ አይቶ ይፍረድ ተባለ። መንዳቴ ካላሳመነው መኪናዋን አዲስ አበባ ወስዶ እሱ ይነዳታል። መኪናዋ በስሜ ናት። እኛ ቤት በስም መሆን ብዙ አይጠቅምም።

«ይሄ ሚኒሞ ምንድን ነው? ዝም ብላ ቆማ ነዳጅ ትጠጣለች እኮ!» አለ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ።

ሚኒሞ መካኒኮች እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የሚጠሩበት ስም ነው። ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ አዲስ አበባ ተስተካክላ የመጣች ስለሆነች፣ ቆላ ስትወርድ አየሩ በዝቶባት ነዳጁ አንሷት ትንተባተብ ነበር። የካርቡራተሩን ብሎን ጥቂት በጥቂት እየፈታሁ፣ ድምፁን እያዳመጥኩ ነው ያስተካከልኳት።

«ጋሼ፣ እዚህ አየሩ ይለያል፤ አትንካው» አልኩ።

«አየር!» ብሎ ሳቀ። «ሚጣ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ነው መኪና የነካሁት።»

እኔ ስወለድ እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር። ብሎኑን አጠበቀው፣ ሚኒሞውን ዝቅ አደረገው፣ ቁልፉንም ወስዶ መሪው ላይ ተቀመጠ።

መልካ ወረር የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛውን ሰላም ሳንል አናልፍም አለ። ከዋናው መንገድ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ፣ በጥጥ እርሻው ቦይ ዳር አቋራጭ አየሁ ብሎ ገባበት። መኪናዋ እግሩን ባነሳ ቁጥር ትስላለች። ቦዩ ሞልቶ መንገዱን ያጨቀየበት ቦታ ስንደርስ እግሩን አነሳ፤ ሞተሩ ጠፋ። ሲያስነሳት ጠፋች። እንደገና ሲያስነሳት በንዴት ረገጣትና ጎማዎቹ እስከ ግማሻቸው ጭቃ ውስጥ ተቀበሩ።

«አየሽ?» አለኝ። «አየሽ የምልሽን?»

የሆነውን ያደረገው እሱ ነው፤ «አየሽ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

ከእርሻው የትራክተር ነጂ መጣልን፤ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ፣ ተጫዋች ሰው። ከደጋ ለአረም የመጡ የቀን ሠራተኞችም ሥራቸውን ትተው ለማየት ከበቡን። ነጂው ትራክተሩን ከፊት ለፊታችን አቁሞ፣ የብረት ካቦውን ይዞ በመኪናዬ አፍንጫ ስር ተንበረከከና ከጭቃው ውስጥ ቀለበት አገኘ።

«ይኸው መጎተቻ! ፋብሪካው ያበጀው ነው፣ ወላሂ!»

ያ ቀለበት መጎተቻ አይደለም። መኪናዋ በመርከብ ስትመጣ እንዳትንሸራተት ከወለሉ ጋር የታሰረችበት ስስ ብረት ነው። ቆማ ታስራ እንድትቆይ ነው የተሠራው፤ ከጭቃ የሚያወጣትን ጉልበት አይችልም። ይህን ስለማውቅ ነው ሎጊያ ጋራዥ ወስጄ ከኋላ ሻንሲው ላይ ወፍራም መጎተቻ በአራት ብሎን ያሳሰርኩት። የፊቱን ገና አላሠራሁም።

«እሱ መጎተቻ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከሰው ፊት ሲሆን ይጠፋል። ደገምኩት። «መርከብ ላይ የሚታሰርበት ነው። መጎተቻው ከኋላ ነው፤ በመጣንበት በኩል እንውጣ።»

«መርከብ?» አለ ወንድሜ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሚጣ፣ እዚህ ባሕር የት አለና ነው?»

ሳቁ። ነጂው በጣም ሳቀ። «እህቴ፣ ቦዩን ነው እንዴ?» አለኝና ካቦውን ቀለበቱ ላይ አሰረ። ፊቴ ነደደ። ሰዎቹ ካቦው አጠገብ ተደርድረው ቆመው ነበር። «እባካችሁ ዞር በሉ፣ ከተበጠሰ ይመታችኋል» አልኩ። የሰማችኝ መኮትኮቻ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«ኧረ ዞር በሉ ትላለች ልጅቷ! ጆሮ የላችሁም?» ብላ በመኮትኮቻዋ እጀታ እየገፋች አራቀቻቸው።

ነጂው «ቢስሚላህ!» ብሎ ሳበ። ቀለበቱ ከነካቦው ተገንጥሎ ወጣ፤ ቅድም ሰዎቹ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ አፏጭቶ አልፎ የትራክተሩን የኋላ መከለያ ቀዶ ገባ። ማንም አልሳቀም። ነጂው ወርዶ ቀዳዳውን በጣቱ ነካው። «አልሐምዱሊላህ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከኋላ ነው ያልሽኝ?»

በጭቃው ተንበርክኬ መጎተቻውን አሳየሁት። ትራክተሩ ዞሮ በመጣንበት በኩል ሲስባት ያለ ብዙ ድካም ወጣች። ወንድሜ ይህን ሁሉ ጊዜ ሱሪውን ያራግፍ ነበር።

ጓደኛውን ሰላም ማለቱ ቀረ። ማታ ሰመራ ቤቴ ገብተን እራት ሳቀርብ ወንድሜ ለእናታችን ደወለ።

«መጎተቻዋ ራሱ የበሰበሰ ነው፤ በሰው ሕይወት ልትጫወት ነበር» አላት። «ሞተሩንም እየነካካች አበላሽታዋለች። ነገ ጠዋት መኪናዋን ይዤ እመጣለሁ።»

እናቴ «ተመስገን፣ እንኳን እናንተ ተረፋችሁ» ስትል ከስልኩ ይሰማኛል። ወጡ ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ፈርቼ መስሎት «አይዞሽ» አለኝ። ከቀኑ ሁሉ ያቺ «አይዞሽ» ባሰችብኝ። ያን ቀን ያጠፋው ሁሉ የእኔ ጥፋት ሆኖ እናቴ ዘንድ ደርሷል፤ ጠዋት ደግሞ እሱ መኪናዬን ይዞ ሊሄድ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተኛ።

ጠዋት ቀድሜው ተነሳሁ። ሞተሩን አስነስቼ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤ ከዚያ የካርቡራተሩን ብሎን ወደ ነበረበት መለስኩት። ሳሉ ቆመ። ሚኒሞውን ከፍ አደረግኩ፣ እጄን ጠርጌ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። «ጎሽ፣ አሞቅሽልኝ!» ብሎ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተ። «በይ ውረጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ልውጣ።»

«በዚያ በኩል ግባ» አልኩት። «መናኸሪያ አደርስሃለሁ።»

«ምን?»

«በአውቶቡስ ነው የምትሄደው።»

በሩን ይዞ ቆመ። ድምፄ አልወጣም ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ወጥቷል። «እማዬን ምን ልበላት?» አለኝ።

«ካቦውን የት እንዳሰራችሁት ንገራት። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

ዞሮ በሌላው በር ገባ። መናኸሪያው ጋ ሳይሰናበተኝ ወረደ፤ እኔም ሞተሩን አላጠፋሁም። ከዚያ በዲቾቶ መንገድ ፓምፑ ቆመ ወደተባለው ጉድጓድ ሄድኩ።