እርሳሱን ጠንከር አድርገሽ ያዢው

ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት የምርጫ ካርዶች በፖስታ መጡ። አንዱ በእኔ ስም፣ አንዱ በእሱ ስም። መሞቱን ለካውንስሉ፣ ለሰፈራችን አስተዳደር፣ አላሳወቅሁም ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስሙን ከጻፍኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል እምቢ ብሎኝ ትቼዋለሁ። ካርዶቹን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጌ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

እነዚያ ቀናት አሁን ሳስባቸው ከውሃ ሥር የታዩ ይመስሉኛል። ቤታችን እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ቶተንሃም የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አውቶቡሶቹ ሲመጡና ሲሄዱ አያለሁ። ቀይ አውቶቡሶች ጣሪያቸው ነጭ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስንት ዓመት ስሳፈርባቸው ኖሬ አንድም ቀን ከላይ ልብ ብዬ አላየኋቸውም። ይህን ልነግረው ወደ መኝታ ቤቱ ዞር እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

በምርጫው ጉዳይ ግን ቃል ነበረብኝ። ሐኪም ቤት ሳለ፣ ምርጫው መቅረቡን በሬዲዮ የሰማ ቀን፣ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ፣ "የእኔንም ድምፅ አንቺ ነሽ የምትሰጪው" አለኝ።

"ሁለት ጊዜ መምረጥ ወንጀል ነው" አልኩት።

"እንግዲያው አንድ ጊዜ ምረጪ። ግን እርሳሱን ጠንከር አድርገሽ ያዢው።"

ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ አማርኛ ባይሰሙም፣ እኛ ስንስቅ አብረውን ሳቁ። አብረን የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

ድምፁ ለማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአካባቢያችንን የፓርላማ አባል አብረን ሄደን አነጋግረነዋል። እዚህ አገር የፓርላማ አባል ቀን ቆርጦ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የመጣውን ሰው ሁሉ ያነጋግራል። ሌላው ሰው ሻጋታ ስለበላው ግድግዳው፣ ስለማይሠራው አሳንሰሩ ሊያመለክት ተሰልፏል። የእኔ ባል ብቻ ስለ ጦርነት ሊጠይቅ ከረባቱን አስሮ መጣ።

ምክንያት ነበረው። ታናሽ ወንድሙ አገር ቤት በድንበሩ ጦርነት ሄዶ ቀርቷል። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፦ "ማን ጠየቀኝ?"

ወረፋችን ሲደርስ ባሌ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛው፣ "ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወታደር ወደ ጦርነት ሲልክ እናንተን ይጠይቃል?" አለው።

የፓርላማ አባሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ልማዱ እንዲጠይቅ ነው። የሚያስገድደው ሕግ ግን የለም። እኔ ሕግ ይሁን ከሚሉት ነኝ። መጀመሪያ ተከራክረን፣ ድምፅ ሰጥተን፣ ማን ምን እንዳለ በስማችን መመዝገብ አለበት።"

"ከፎቃችን ማዶ ያለ ሰውዬ ጣሪያው ላይ አንድ ክፍል ሊጨምር ሲያስብ፣ ካውንስሉ 'ትቃወማላችሁ ወይ?' ብሎ ደብዳቤ ላከልን" አለው ባሌ። "ለአንድ ክፍል እንጠየቃለን። ለጦርነት አንጠየቅም?"

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ መሳቁ ያሳፈረው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ነገሩን ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

በዚህ ተስማሙ። ያልተግባቡት በመታወቂያው ነው። ያን ጊዜ "መራጭ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያሳይ" የሚለው ሕግ ገና ይመከርበት ነበር። እስከዚያ ድረስ እዚህ ስምና አድራሻን ተናግሮ መምረጥ ይቻል ነበር። የፓርላማ አባሉ ሕጉን ይቃወማል፤ ባሌ ይደግፋል። ባሌ የዘጠና ሰባቱን የምርጫ ካርዱን ሻንጣው ውስጥ ይዞ የተሰደደ ሰው ነው። ያን ዕለት ገና ሳይነጋ አብረን ተሰልፈናል፤ ካርዱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞት ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነው ሆኖ አገር ለቀቅን፣ ካርዱን ግን አልጣለውም።

"ካርድ የሌለው መራጭ ሳይጠሩት ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው ነው" አለው።

"ሕጉ የሚመልሰው ሌባውን አይደለም" አለ የፓርላማ አባሉ። "መኪና የማይነዳውን፣ ውጭ አገር የማይሄደውን ነው።" ከዚያ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። "ለምሳሌ ባለቤትህ። መንጃ ፈቃድ አላት?"

የለኝም። ግን ምሳሌ መሆኔ አናደደኝ። በአውቶቡስ ስንመለስ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ ባሌ።

"እኔን ነው ምሳሌ የሚያደርገኝ?"

"ተይው እባክሽ። አንቺን ደግሞ ማን ደፍሮ ይመልስሻል?"

የፓርላማ አባሉ በኋላ ደብዳቤ ላከልን። የጦርነቱ ጉዳይ ለድምፅ ከቀረበ ሕግ እንዲሆን እንደሚደግፍ በፊርማው አረጋገጠ። ባሌ ደብዳቤውን ከዘጠና ሰባቱ ካርድ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ብዙም ሳይቆይ የመታወቂያው ሕግ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ባሌ ታመመ። ከዚያ ወዲህ ምርጫ ጣቢያ ሄደን አናውቅም።

የምርጫው ዕለት አርባው ገና አልወጣም ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ከጎኔ ያልራቀች፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የአገሬ ልጅ፣ ጥቁር ሻሼን ሳስር አይታ ደነገጠች።

"ወዴት ነው?"

"ልመርጥ።"

"አንቺ! ሐዘንተኛ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የት ይሄዳል? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው እየመረጠ ነው። ማን ያየኛል?"

"ምርጫው እንደሆነ ሌላም ጊዜ ይመጣል።"

"ሲመጣ የእሱ ቃል አይኖርበትም" አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አቀበለችኝ።

ሁለቱንም ካርዶች ይዤ ወጣሁ። የእሱን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ሁልጊዜ አብረው ስለሚሄዱ ይመስለኛል። መታወቂያ ማምጣት እንደሚያስፈልግ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁም። ግን በእኔ ልብ ካርዱ ራሱ መታወቂያ ነበር። በአገሬ የምርጫ ካርድ ያለ ብዙ ልፋት የማይገኝ፣ ከተገኘም በኋላ ከወርቅ እኩል የሚቀመጥ ነገር ነው። ደጃፌ ድረስ በፖስታ የመጣልኝ ካርድ ምንም እንደማይከፍት እንዴት ልገምት?

ምርጫ ጣቢያው አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። አዳራሹ ውስጥ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሴት በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ካርዶቹን ሰጠኋት።

"ባለቤትሽ በኋላ ይመጣል፣ ላቭ?" አለችኝ። ላቭ፣ 'ፍቅሬ' እንደማለት፣ እዚህ ለማያውቁት ሰው ሁሉ የሚባል ነው።

"አይመጣም። ሞቷል።"

የእሱን ካርድ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። "በጣም አዝናለሁ። ስሙን ከዝርዝሩ የሚያስወጣልሽ ሰው አለ፣ አንቺ አትጨነቂ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ፎቶ ያለበት መታወቂያስ?"

ጣቴን ካርዴ ላይ አደረግሁ።

"ይሄ የት እንደምትመርጪ ነው የሚነግርሽ። መንጃ ፈቃድ?"

"የለኝም።"

"የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ?"

"ስድሳ አልሞላኝም።"

ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ያውና ምሳሌው፣ አልኩ በልቤ። "የእንግሊዝ ፓስፖርት አለኝ፣ ግን ጊዜው አልፏል።"

"ጊዜው ቢያልፍም ግድ የለም። ፎቶው አንቺን ከመሰለ ይበቃል። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ነን።"

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ የረዘመ መሰለኝ። የሰኔ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ አየሩ ሁሉ ማር የመሰለ ነበር፣ ሰዎቹም በማር ውስጥ እንደሚራመዱ ዝግ ብለው ያልፉኛል። "ተሸንፈሃል" አልኩት ባሌን በልቤ። "እኔንም የሚመልሰኝ ተገኘ።" ክርክር አሸንፎ፣ የተሸነፈውን ሰው ግን ከአጠገብ ማጣት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ፓስፖርቱ ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። ከሞተ ወዲህ አልከፈትኩትም። ከፈትኩት። የዘጠና ሰባቱ ካርድ፣ የፓርላማ አባሉ ደብዳቤ፣ በላስቲክ የታሰሩ ሁለት ፓስፖርቶች። የእኔን ገለጥኩና መስተዋቱ አጠገብ ያዝኩት። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ጉንጯ ሙሉ ነው፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ፈሷል። የእኔን ፀጉር የቀብሩ ዕለት በመቀስ ቆርጬዋለሁ። ጉንጬን ሐኪም ቤቱ ወስዶታል። ፎቶው አንቺን ከመሰለ፣ ብላኛለች። አይመስልም።

ሌላ መታወቂያ ስላልነበረኝ ያንኑ ይዤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች፤ እንደገና ፎቶውን።

"ሻሹን ትንሽ ወደ ኋላ ታደርጊልኛለሽ?"

አደረግሁ። የተቆረጠው ፀጉሬ ታየ። አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ልትጠራ አንገቷን አዞረች።

ያን ጊዜ ነው የፎቶው ቀን የመጣልኝ። ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያለ፣ ሳንቲም የሚጎርስ የፎቶ ማሽን። እኔ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ባሌ መጋረጃውን በውጭ ይዟል። "ጥርስ አይታይም! የመንግሥት ጉዳይ ነው!" ይላል እንደ ዳኛ ድምፁን አወፍሮ። ሦስት ጊዜ ስቄ ሦስት ጊዜ ፎቶው ተበላሸ። በአራተኛው ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊት ሳቅ የያዘ ፊት ነው።

እዚያው ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ድምፁን ሰማሁት፣ ከመጋረጃ ኋላ። ሳቁ ከሆዴ ተነሣ። ሐዘንተኛ ነኝ፣ አርባው አልወጣም፣ ሰው ተሰልፏል። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።

"አ!" አለች ሴትዮዋ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ። "ይህችን አፍ አወቅኋት።" ስሜን በማስመሪያ ፈልጋ ሰረዘችና ወረቀቱን ሰጠችኝ።

በተከለለው መምረጫ ቦታ እርሳሱ በገመድ ታስሯል። የፓርላማ አባሉን ስም አገኘሁት። ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክቱን የመጀመሪያ መስመር አሰመርኩ። ሁለተኛውን በላዩ አሳልፌ ስጨርስ በሙሉ ክንዴ ተጫንኩት፤ ጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረና በወረቀቱ ላይ ተንከባለለ።

"ደህና ነሽ፣ ላቭ?" አለች ሴትዮዋ ከጠረጴዛዋ።

"እርሳሱ ነው" አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። የእርሳሱን ስባሪ በኪሴ ከባሌ ካርድ ጋር ይዣት ወጣሁ።